ጠዋት የማይታይ ሕመም፦ ትክክለኛውን የነርቭ ሐኪም እስካገኝ ድረስ

ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል፣ ነርቭ ለጡንቻ የሚያደርሰው ትእዛዝ እየደከመ ጡንቻን የሚያዝል ሕመም አለብኝ። አሁን መድኃኒቴን በሰዓቱ እየወሰድኩ ክፍል ገብቼ አስተምራለሁ፣ ቤቴን አስተዳድራለሁ፣ የደሴንም አቀበት ቀስ ብዬ እወጣለሁ። የሕመሙን ስም እስካውቅ ድረስ ግን ከዓመት በላይ ከአንዱ የምርመራ ክፍል ወደ ሌላው ስመላለስ ቆይቻለሁ። ይህን የምጽፈው ዓይናቸው፣ ምላሳቸው፣ እጅና እግራቸው ያለ ግልጽ ምክንያት አልታዘዝ ላላቸው፣ የላቦራቶሪ ውጤታቸው ግን «ምንም የለብህም» እያሰኘ ለሚመልሳቸው ሰዎች ነው። የሕመማችሁ ዓይነት ከእኔ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም የመፈለጉ ድካም ግን ብዙ የሚያመሳስለን ይመስለኛል።

በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ሕመሙ የጀመረኝ በድምፄ ነው። የጠዋቱን ክፍለ ጊዜ እንደ ወትሮዬ አስተምሬ እወጣና፣ ከሰዓት በኋላ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ድምፄ በአፍንጫዬ መውጣት ይጀምራል፤ ጥቂት ቆይቶም ቃላቱ እየተሳሰሩ አልፈታ ይሉኛል። ተማሪዎቼ ጉንፋን የያዘኝ ይመስላቸው ነበር። ከዚያ የግራ ዓይኔ ቆብ እየከበደ መውረድ ጀመረ፤ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት አንድ መስመር ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር፤ እራት ላይ ሥጋ ማኘክ ከመድከሜ የተነሣ መንጋጋዬን በእጄ ደግፌ የማርፍበት ጊዜ መጣ። ፀጉሬን ሳበጥር ክንዶቼ ከፍ ብለው መቆየት ስለማይችሉ መሃል ላይ አውርጄ አሳርፋቸዋለሁ። ሌሊቱን ተኝቼ ስነሣ ግን ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ የመጨረሻው ነገር ከምልክቶቹ ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ፍንጭ እንደ ነበር ሰው እስኪነግረኝ ድረስ ለማንም ሐኪም ነጥዬ ተናግሬው አላውቅም፤ ደህና የምሆንበትን ሰዓት ማን ሊጠይቀኝ?

መጀመሪያ የተመረመርኩት ዓይኔን ነው። መነጽሬ ተለወጠ፤ ሁለት የመሆኑ ነገር ግን አልተለወጠም። ነገር ሁለት ሆኖ የሚታያችሁ ካላችሁ አንድ ቀላል ነገር በቤታችሁ ሞክሩና ውጤቱን ለሐኪም ንገሩ፦ አንዱን ዓይን በእጃችሁ ሸፍኑት፤ ቀጥሎም ሌላውን። በሁለቱም ጊዜ ምስሉ አንድ የሚሆን ከሆነ ችግሩ ሁለቱ ዓይኖች አብረው አለመንቀሳቀሳቸው ነውና ወደ ነርቭና ወደ ጡንቻ ይመራል። አንድ ዓይን ተሸፍኖም በሌላው ብቻ ሁለት ሆኖ የሚታይ ከሆነ ግን ነገሩ ባብዛኛው የዚያው ዓይን ነው። ይህን ልዩነት አስቀድሜ ባውቅ የመነጽሩ ወጪ ይቀርልኝ ነበር።

ቀጥሎ ትኩሳት ያዘኝና በአንድ ክሊኒክ የደም ምርመራ ተደርጎልኝ ታይፎይድ ተባልኩ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዘዘልኝ። መድኃኒቱን በጀመርኩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከዚያ በፊት ያላየሁት ነገር መጣ፤ ውሃ ስጠጣ በአፍንጫዬ ይመለስ ጀመር፣ አንገቴም ራሴን መሸከም አቃተው። ቤተሰቡ ታይፎይዱ የጠናብኝ መስሎት መድኃኒቱን እንድጨርስ አበረታታኝ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና የቅርብ ዘመዶቹ የሆኑ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በነርቭና በጡንቻ መካከል ያለውን መልእክት እንደሚያዳክሙ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2011 ማያስቴኒያ ላለባቸው ሰዎች ከባድ የተባለውን ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቶቹ ላይ እንዲታተም እንዳደረገ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያዘዘልኝ ባለሙያ እኔም የማላውቀውን ሕመሜን ሊያውቅ አይችልም ነበርና አልወቅሰውም። ነገር ግን አንድ መድኃኒት ከጀመራችሁ በኋላ ድካማችሁ በግልጽ ከባሰ፣ የመድኃኒቱን ስምና የጀመራችሁበትን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ባዶ ማሸጊያውንም አትጣሉ። ያ ባዶ ካርቶን በኋላ ከውድ ምርመራዎች ሁሉ የበለጠ ነገር ተናግሮልኛል።

ከዚያ የቫይታሚን ቢ መርፌዎች ተወጉልኝ፤ በየሰፈሩ «የነርቭ መርፌ» የሚባለው ማለት ነው። የቢ12 እጥረት በእርግጥ ነርቭን ይጎዳል፣ እጥረቱም በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ሳይለኩ መውጋት ግን ጊዜ ከመብላት ሌላ ለእኔ የጠቀመኝ ነገር አልነበረም። መርፌው ሳይሠራ ሲቀር «ጭንቀት ነው» ተባለ። ጭንቀት አልነበረብኝም ብዬ አልዋሽም። የዓይኔ ቆብ በተማሪ ፊት የሚወርድብኝ መምህርት ነበርኩና እንዴት አልጨነቅ! ጭንቀቱ ግን ሕመሙን ተከትሎ የመጣ ነበር።

እናቴ ነገሩን የሰው ዓይን ነው አለች፤ ጠበልም ሄድን። ስለዚህ ጉዳይ የማልፈው አንድ ነገር ብቻ አለ። ጠበሉ ቦታ ያገኘኋቸው የንስሐ አባቴ «ልጄ፣ ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው፤ ምርመራሽን እንዳታቋርጪ» አሉኝ፤ ለእናቴም ደግመው ነገሯት። እናቴ ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባውን መንገድ አልተቃወመችም። ቤተሰባችሁ በዚህ ረገድ በሐሳብ ከተከፋፈለ፣ የሚያከብሩትን የሃይማኖት አባት ቀድማችሁ ማነጋገር ከብዙ ክርክር ያድናል።

አዲስ አበባ ስሄድ የዕቁቤን ገንዘብ ይዤ ነበር፤ አብዛኛው በጭንቅላት ኤምአርአይ አለቀ። ውጤቱ ንጹሕ ሆነ። ወንድሜ በደስታ ለዘመድ ሁሉ ደወለ፣ እኔም ደስ አለኝ፤ በዚያው ምሽት ግን እራቴን ማኘክ አልቻልኩም። እዚህ ላይ መረዳት ያለባችሁ ነገር አለ፦ የጭንቅላት ኤምአርአይ የሚያሳየው የአንጎልን ቅርጽ ነው። ዕጢ፣ የደም መፍሰስ፣ የስትሮክ ጠባሳ ካለ ያሳያል። የእኔ ሕመም የሚገኘው ነርቩ አልቆ ጡንቻው በሚጀምርበት፣ በዓይን በማይታይ መገናኛ ላይ ስለሆነ በዚያ መሣሪያ ቢፈለግ አይገኝም። የእጅና የእግር ነርቮች ብዙ ሕመሞችም እንዲሁ ናቸው። «ኤምአርአይ ንጹሕ ነው» ማለት «አንጎል ላይ የሚታይ ጉዳት የለም» ማለት እንጂ «ሕመም የለም» ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት «ይህ ምርመራ የሚፈልገው ምንን ነው? ንጹሕ ቢሆንስ ቀጥሎ ምን እናደርጋለን?» ብላችሁ ጠይቁ።

በሰው ጥቆማ የቀረብኩባቸው ሐኪም ደግሞ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ነበሩ። ጨዋና ቅን ሰው ናቸው፤ ፊልሙን አይተው «ለእኔ የሚሆን ሥራ እዚህ የለም» ብለው አሰናበቱኝ። እውነታቸውን ነው። የእሳቸው ሙያ ዕጢ ማውጣት፣ የተጫነ ዲስክ ማንሣት፣ የፈሰሰ ደም ማስወገድ ነው። ቀዶ ሕክምና የማይፈልጉትን የነርቭ ሕመሞች የሚመረምሩትና በመድኃኒት የሚያክሙት ሐኪሞች ኒውሮሎጂስቶች ናቸው። በሕዝቡ ዘንድ ሁለቱም «የጭንቅላት ሐኪም» ስለሚባሉ ቀጠሮ የምትይዝላችሁ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ እንኳ ልትለየው የማትችልበት ጊዜ አለ። በስልክ ስትደውሉ «ሐኪሙ ኒውሮሎጂስት ናቸው ወይስ ኒውሮሰርጀን?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ኒውሮሎጂስት ማግኘት በአገራችን ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2006 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ጥቂቶች በውጭ አገር የሠለጠኑ ነበሩ፤ ዛሬም አብዛኞቹ የሚሠሩት አዲስ አበባ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔን ወደ ትክክለኛው በር የመራኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። በዚያን ጊዜ የሕክምና ትምህርቱን ሊጨርስ የተቃረበ ኢንተርን ነበር። ለበዓል ወደ ቤተሰቡ መጥቶ ሊጠይቀኝ ሲገባ ጊዜው ምሽት ስለነበር ዓይኔን አየና ዝም አለ። ከዚያ «ቲቸር፣ ጠዋትም እንዲህ ነዎት?» አለኝ። ጠዋት ደህና እንደሆንኩ ስነግረው ወንበሩን አስጠግቶ ሌላ ጥያቄ ጀመረ።

እሱ በሽታውን ልሰይም አላለም፤ «እኔ ገና ተማሪ ነኝ» ብሎ ኒውሮሎጂስት እንድፈልግና እስከዚያው ማስረጃ እንዳዘጋጅ ብቻ ነገረኝ። ያዘጋጀነውም ይህ ነው። በአንድ ደብተር ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ዓይኔ፣ ድምፄ፣ ማኘኬና ክንዴ እንዴት እንደሆኑ በአጭሩ መዘገብኩ። ልጄ በስልኳ ከእንቅልፍ እንደተነሣሁ ፊቴን ቀረጸች፤ ማታም በዚያው ቦታ ላይ ተቀምጬ ያንኑ የጋዜጣ አንቀጽ ሳነብ ቀረጸችኝ። ሁለቱ ቪዲዮዎች ጎን ለጎን ሲታዩ የሁለት ሰው ፊትና የሁለት ሰው ድምፅ ይመስሉ ነበር። በመጨረሻም ከሕመሙ መጀመሪያ አንሥቶ የሆነውን ሁሉ፣ የወሰድኳቸውን መድኃኒቶች ጨምሮ፣ በአንድ ገጽ አሳጠርነው። ተማሪዬ «ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ ሐኪሙ ቆሞ ማንበብ መቻል አለበት» ብሎኝ ነበር። ሴት ልጅ ለእናቷ የምታወራውን ያህል የሚያወራ ወረቀት ይዞ ሐኪም ዘንድ መግባት ጥቅም እንደሌለው ከዚያ ተማርኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በአገራችን ሕመምተኛ ካርድ ለማውጣት የሚሰለፈው ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ ሐኪም ፊት የሚቀርበውም ብዙውን ጊዜ ከቀትር በፊት ነው። እኔም ከደሴ መጥቼ፣ ዘመድ ቤት አድሬ፣ ሌሊቱን አርፌ፣ በማለዳ እመረመር ነበር። ሐኪሞቹ መዶሻቸውን ጉልበቴ ላይ መታ መታ ያደርጋሉ፣ እጄን ይጨብጣሉ፣ ዓይኔን በብርሃን ያያሉ፤ ሁሉም ደህና ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ግን በሽታዬን አልደበቅሁም፤ ጠዋት ጠዋት የሚደበቀው ራሱ በሽታው ነበር። በመንግሥት ሆስፒታል የኒውሮሎጂ ቀጠሮ ብጠይቅ ወራት የሚያስጠብቅ ሆነብኝ። በከተማው ካሉ ስፔሻሊስቶች ብዙዎቹ ቀን በመንግሥት ሆስፒታል ውለው ማታ በግል ክሊኒክ እንደሚሠሩ ተማሪዬ ስለነገረኝ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ወደሚገኙ አንድ ኒውሮሎጂስት ሄድኩ። ተራዬ የደረሰው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በታክሲና በደረጃ ስለደከምኩ ዓይኔ ከመክፈት መዘጋት ይቀናው ነበር። አቅዶ የተደረገ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይመረጥም።

ሐኪሙ በዕድሜ የገፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የያዝኩትን የፊልም ፖስታ ተቀብለው ሳይከፍቱት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ፤ ፊልሙ የትም አይሄድም» አሉኝ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ የጠየቁት ሁሉ ስለ ሰዓትና ስለ ድካም ነበር፦ ስታርፊ ይሻልሻል ወይ? ስልክ ረዘም አድርገሽ ስታወሪ ድምፅሽ ይለወጣል ወይ? በሙቀት ይብስብሻል ወይ? የሚዘረጋ መደንዘዝ ወይም ማቃጠል አለ ወይ? የመጨረሻው የለም ስል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የእኔ ሕመም ኃይልን ይሰርቃል እንጂ ስሜትን አይነካምና።

ምርመራቸውም ከዚህ በፊት ካየሁት ሁሉ የተለየ ነበር። ከፍ ብሎ የተያዘውን ጣታቸውን ዓይኔን ሳልነቅል እንድመለከት አዘዙኝ፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱም ቆቦች ቀስ በቀስ ወረዱ። ክንዶቼን ወደ ፊት ዘርግቼ እንዳቆይ፣ ጋደም ብዬ አንገቴን ቀና እንዳደርግ፣ ጮክ ብዬ እንድቆጥር አደረጉኝ፤ ቁጥሩ እየገፋ ሲሄድ ድምፄ ወደ አፍንጫዬ ገባ። ነርሷን በረዶ አስመጥተው በጓንት ውስጥ አድርገው በተዘጋው ዓይኔ ላይ ለሁለት ደቂቃ ያህል አስያዙኝ። ሳነሣው ቆቡ ተከፈተ። መስተዋት ሰጡኝና ራሴን አየሁ። ቅዝቃዜ በነርቭና በጡንቻ መገናኛ ላይ ያለውን መልእክት ለጥቂት ጊዜ ስለሚያሻሽለው ነው አሉኝ። ያን ያህል ገንዘብ ካወጣሁ በኋላ ፍንጩን የሰጠው ከማቀዝቀዣ የወጣ በረዶ መሆኑ እስካሁን ያስገርመኛል።

ጥሩ ስፔሻሊስት እንዴት ይታወቃል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የምነግራችሁ እኚህ ሰው በዚያ ምሽት ያደረጉትን ነው። ከመሣሪያው በፊት ታሪኩን ይሰማሉ። ሕመሙ በሚታይበት ሁኔታ ሰውነትን አድክመው ይመረምራሉ። የጠረጠሩትን ስሙን ጠርተው ይናገራሉ፣ ያላረጋገጡትንም «ይህን ገና አላረጋገጥኩም» ይላሉ፤ እያንዳንዱ ምርመራ ለምን እንደሚታዘዝ ያስረዳሉ። የግድግዳው የምስክር ወረቀት ብዛትና የክሊኒኩ መስታወት ስለዚህ ምንም አይነግራችሁም። ሐኪም «ሕመምሽ ከአእምሮ ጭንቀት ጋር የተያያዘ ነው» ሲልም መስፈርቱ ያው ነው። ያለ አካላዊ ጉዳት ነርቭ በትክክል የማይሠራበት ሁኔታ በእርግጥ አለ፤ የራሱ ሕክምናም አለው። ነገር ግን አዋቂ ሐኪም እዚያ ላይ የሚደርሰው በምርመራው ወቅት ያያቸውን ምልክቶች እያሳየ ነው። ፊልሙ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ «ጭንቀት ነው» የተባላችሁ እንደሆነ ሌላ ኒውሮሎጂስት የማየት መብት አላችሁ።

የታዘዙልኝ ምርመራዎች ጥቂትና ዓላማቸው የታወቀ ነበር። አንደኛው ሰውነቴ በራሱ ጡንቻ ላይ የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልግ የደም ምርመራ ነው፤ ናሙናው ወደ ውጭ አገር ስለሚላክ ውጤቱ ጊዜ ይወስዳል። ሐኪሙ አስቀድመው የነገሩኝ ነገር ጠቅሞኛል፦ ሕመሙ በመላ አካላቸው ከተሰራጨባቸው ሰዎች በዚህ ምርመራ የሚያዙት 85 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ዓይን ላይ ብቻ በቀረባቸው ሰዎች ደግሞ ከግማሽ ብዙም አይበልጡም፤ ስለዚህ ውጤቱ ባይገኝም ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ሌላው ነርቭን በትንንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ደጋግሞ እየነኩ የጡንቻው ምላሽ እየደከመ መሄዱን የሚለካ ምርመራ ነው። የደረት ሲቲ ስካንም ተነሣሁ፤ ከደረት አጥንት ጀርባ ባለው ታይመስ በሚባል ዕጢ ላይ ከ100 ሕመምተኞች በ10 ወይም በ15ቱ እብጠት ስለሚገኝ ነው። የእኔ እብጠት አልነበረውም። የእንቅርት ዕጢዬም በደም ታየ፤ ሁለቱ ሕመሞች አብረው የሚመጡበት ጊዜ አለና።

ውጤቱ ሕመሙን አረጋገጠ። ነርቭ ለጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርሰው አሴቲልኮሊን በሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ በእኔ ሰውነት ግን ጡንቻው ላይ ያሉት የመቀበያ ቦታዎች በከፊል ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋልም። የመጀመሪያው ትእዛዝ ያልፋል፤ ሥራው ሲደጋገም ግን የሚያልፈው እያነሰ ይሄዳል። መድኃኒቱ የተገኘበት ታሪክ ለታሪክ መምህርት ደስ የሚል ነው። ሜሪ ዎከር የምትባል ስኮትላንዳዊት ሐኪም እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1934 በለንደን ግሪኒች በሚገኝ ሆስፒታል ስትሠራ ሕመሙ ኩራሬ የተባለውን የቀስት መርዝ እንደሚመስል አስተውላ፣ የዚያን መርዝ ማርከሻ ለሕመምተኛዋ ብትሰጣት ወዲያው ኃይሏ ተመለሰ። የታወቀች ፕሮፌሰር አልነበረችም፤ የሆስፒታሉ ረዳት ሐኪም ነበረች።

ዛሬ የምወስደው ፒሪዶስቲግሚን የዚያው መድኃኒት ዘመድ ነው። በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ሥራውን ይጀምራል፣ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ያቆየኛል። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ሆድ ይቆርጣል፤ ስለዚህ የጾም ነገር ጥያቄ ሆነብኝና የንስሐ አባቴ በሰዓቱ ቁርስ ቀምሼ እንድወስድ ፈቀዱልኝ። ሰውነቴ ራሱን ማጥቃቱን ለመግታት ደግሞ ፕሬድኒሶሎን ተጨመረልኝ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሕመሙን ሊያብሰው እንደሚችል ሐኪሙ አስቀድመው ስለነገሩኝ ከዘመድ ሳልርቅ አዲስ አበባ ቆየሁ፤ በእርግጥም ትንሽ ባሰብኝ፣ ከዚያ ተሻለኝ። ከመጀመሩ በፊት የሳንባ ነቀርሳ እንደሌለብኝ መታየቱ፣ ከተጀመረ በኋላም ስኳርና የደም ግፊት መለካቱ የግድ ነው፤ በራስ ፈቃድ በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው።

ፒሪዶስቲግሚን ሁልጊዜ በየመድኃኒት ቤቱ አይገኝም። በቀይ መስቀልና በከነማ መድኃኒት ቤቶች እጠይቃለሁ፤ ሲጠፋ አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ በሐኪሜ ማዘዣ በሚመጣ ሰው ትልክልኛለች። የንግድ ስሙ ከአገር አገር ስለሚለያይ የምንጻጻፈው በመድኃኒቱ ዋና ስምና በሚሊግራሙ ነው። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሳይሆን ገና ግማሽ ሲሆን ፍለጋ እጀምራለሁ።

ከመታወቂያዬ ጋር የምይዘው ወረቀት ላይ የሕመሜ ስም፣ የምወስዳቸው መድኃኒቶችና ሐኪም ሳያማክሩ ሊሰጡኝ የማይገቡ መድኃኒቶች ተጽፈዋል፦ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ፣ ጄንታማይሲን፣ አዚትሮማይሲን፣ ለወባ የሚሰጡት ኪኒንና ክሎሮኪን፣ ፕሮፕራኖሎልና መሰሎቹ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ማግኒዚየም። ማግኒዚየሙን ነፍሰ ጡር የሆናችሁ እኅቶች በተለይ ልብ በሉት፤ ግፊት ለታየባት እናት በማዋለጃ ክፍል የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ባለፈው ክረምት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዞኝ ጤና ጣቢያ ስሄድ የጤና መኮንኑ ወረቀቱን አንብቦ የጻፈውን ማዘዣ ቀደደና በሌላ ተካው፤ ከዚያም ቅጂ ለራሱ ጠየቀኝ።

አንድ ነገር ግን ወረቀት አይጠብቅም። ጋደም ስትሉ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ምራቃችሁን መዋጥ ካልቻላችሁ፣ ሳላችሁ አቅም ካጣ፣ ወይም በአንድ ትንፋሽ እስከ 20 መቁጠር ካቃታችሁ በዚያው ሰዓት ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ደህና ቁጥር አሳየ ተብላችሁ እንዳትመለሱ፤ በዚህ ሕመም የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሲዝሉ ቁጥሩ የሚወርደው ዘግይቶ ነውና፣ የምትተነፍሱት አቅም እንዲለካ ጠይቁ።

ክትትሌን የማደርገው በሁለት ሐኪሞች ነው። የአዲስ አበባው ኒውሮሎጂስት ዝርዝር ደብዳቤ ጽፈውልኝ ደሴ ላይ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ያዩኛል፤ የደም ምርመራውን እሳቸው ያዛሉ፣ የመድኃኒቱ መጠን የሚለወጥ ከሆነ ሁለቱ በስልክ ይነጋገራሉ። አዲስ አበባ የምሄደው ሲያስፈልግ ብቻ ሆኗል። ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ከሆነ ይህን ደብዳቤ በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ጠይቁ፤ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የምትታከሙ ከሆነም ከጤና ጣቢያችሁ ጀምራችሁ የሪፈር ወረቀቱን በተራው አስጽፉ፤ ያለ እሱ የሄዳችሁበትን ወጪ መድኑ ሙሉ በሙሉ ላይሸፍንላችሁ ይችላል። ደብዳቤውንም ሆነ የምርመራ ውጤቶቹን ዋናውን ቤት አስቀምጡና ለሐኪም ቅጂውን ስጡ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሥታችሁ ለአንድ የቅርብ ሰው ላኩ።